የጠጅ ሳር ሻይ፦ ክዳኑን አትክፈቱት

ሰሞኑን የምር ደስ ብሎኛል። አድርቄ ካስቀመጥኩት ጠጅ ሳር ያፈላሁት ሻይ መዓዛው ለትኩሱ ቅጠል የቀረበ ሆነልኝ። ብዙ የለፋሁበት ነገር ስለሆነ ላካፍላችሁ።

ስለ ማብቀሉ ብዙ አልልም። ከነሥሩ የተገነጠለ አንድ አገዳ ይበቃል። ጠጅ ሳር የሚያብበው አልፎ አልፎ ስለሆነ በአብዛኛው የሚባዛው ከነሥሩ በመክፈል ነው። ፀሐይ ይወዳል፣ ውርጭ ይገድለዋል፣ ውሃ የተኛበት አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል። የቅጠሉ ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፤ ስታጭዱ ተጠንቀቁ። በቃ።

ያስቸገረኝ መዓዛው ነው። ትኩሱን ቅጠል በጣቴ ሳሸው ቤቱን ያውደዋል። ደርቆ ሻይ ሲሆን ግን የገለባ ጣዕም ብቻ ይቀራል። "ቅጠል መጨመር ነው" የሚሉ አሉ። ሲጨመር ይመራል እንጂ አይሸትም።

መልሱን ያገኘሁት መዓዛውን የያዘው የቅጠሉ ዘይት እንዴት እንደሚወጣ ሳነብ ነው። የሎሚ መዓዛ የሚሰጠው ሲትራል የሚባል ውህድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከዘይቱ ከ65 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። ሲትራል ለብቻው የሚፈላው ከ220 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሆነ የፈላ ውሃ ምንም የማያደርገው ይመስላል። ነገር ግን እንፋሎት ይዞት ይወጣል። ዘይት አምራቾችም የሚጠቀሙት በዚሁ ነው። ቅጠሉ ውስጥ እንፋሎት ያሳልፋሉ፣ እንፋሎቱን ያቀዘቅዛሉ፣ ከውሃው በላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ይቀዳሉ። እኛም ክዳን በሌለው ድስት ጠጅ ሳር ስናንተከትክ ዘይት እያወጣን ነው፤ የእኛው ግን አየር ላይ ይቀራል። ቤቱን ያወደው ሽታ ከኩባያው የጎደለው ነው።

ስለዚህ ማንተክተኩን ትቻለሁ። ውሃውን ለብቻው አፈላና ከእሳት አወርዳለሁ። የተቀጠቀጠውን ቅጠል ጨምሬ ወዲያው እከድናለሁ። 10 ደቂቃ ያህል አልነካውም። ክዳኑን ሳነሳ ከሥሩ ያቆረውን ጠብታ መልሼ ወደ ሻዩ አራግፈዋለሁ፤ መዓዛው እዚያም አለ። መቀጥቀጡ ደግሞ ግድ ነው። ዘይቱ የተቀመጠው ቅጠሉ ውስጥ ባሉ ልዩ ህዋሳት ነው፤ እነሱ ካልተሰበሩ በደንብ አይወጣም።

ማድረቁም ያው ነው። ፀሐይ ላይ በማስጣት አልስማማም። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ሳልከትፍ ከነርዝመቱ አሰጣዋለሁ። የምከትፈው ላፈላ ስል ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ግጥም አድርጌ እዘጋዋለሁ፤ ሲትራል አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል።

ማንተክተክ ለምትወዱ ግን አንድ ነገር ልበል። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ የዕፅዋት ውህዶች፣ ለምሳሌ ክሎሮጀኒክ አሲድ፣ እንደ ሲትራል ከእንፋሎት ጋር አይሄዱም። ውሃው ውስጥ ይቀራሉ። እንግዲህ "ለጤና ጥሩ ነው" ስንል የትኛውን መጠጥ ማለታችን ነው? የዘይቱ ጥናት የሻዩ ጥናት አይደለም። ይህን ማደባለቅ በጣም ያናድደኛል።

ዘይቱ በቤተ ሙከራ ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለውን ፈንገስና የተለያዩ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ ታይቷል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በእስራኤል የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲትራል የካንሰር ህዋሳትን ራሳቸውን እንዲገድሉ እንደሚያደርግ በቤተ ሙከራ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ "ጠጅ ሳር ካንሰር ይፈውሳል" የሚል ወሬ አልቆመም። ሙከራው የተደረገው በህዋሳት ላይ ነው፤ ሻዩን ጠጥቶ የዳነ ሰው አላሳየም። አንድ ሕመምተኛ ይህን አምኖ ሕክምናውን ቢያቋርጥስ? እባካችሁ እንዲህ ያለውን አታጋሩ።

እንቅልፍስ? በ1986 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የብራዚል ጥናት ሻዩ ያስተኛል፣ ጭንቀት ያቀላል የሚለውን በሰዎች ላይ ፈትሾ ምንም ውጤት አላገኘም። ይህን እያወቅኩም ማታ ማታ እጠጣዋለሁ። ደስ ስለሚለኝ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም። ካፌይን የለውም፤ የማታውን ቡና አስትቶኛል። መዓዛው ሲሞላ ደግሞ ስኳር አያሰኘኝም። ለእኔ ትልቁ የጤና ጥቅሙ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ ግን በየቀኑ ነው።

ጥንቃቄውን ሳልናገር አላልፍም። በእንፋሎት የወጣውን ዘይት አትጠጡት። ቆዳ ላይም በሌላ ዘይት ሳታቀጥኑ አትቀቡት፤ ሲትራል አለርጂ ያስነሳል። እርጉዝ ሴት በብዛት ባትጠጣው ይሻላል። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ሻዩን ለ30 ቀን በየቀኑ በጠጡ ሰዎች ላይ የኩላሊት የማጣራት አቅም ልኬት ቀንሶ አግኝቷል።

አሁን የቀረኝ አገዳው ነው። ወፍራሙ ነጭ ክፍል ውስጡ እርጥበት ስለሚይዝ ቶሎ ይሻግታል። ለሁለት ሰንጥቆ ማድረቅ እየሞከርኩ ነው። በረዶ ቤት ውስጥ ደህና ይቆያል፤ እኔ የምፈልገው ግን ያለ ማቀዝቀዣ ነው። የተሳካላችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ።