ሽሮ ሜዳን ሽቅብ

ዛሬ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነው። ግን ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ትናንት እሁድ ሮጥኩ። በ41 ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። የሰፈራችን ዕድር ለጎረቤቴ ልጅ ማሳከሚያ ያዘጋጀው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ታጥፎ መመለስ። መመዝገቢያው 300 ብር።

ልጅቱ 11 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ነው ያመማት። ቶንሲል ነው ተባለ፣ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣት፣ ተሻላት። ከሳምንታት በኋላ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ ተራ በተራ ያብጥ ጀመር። ብርድ ነው አልን። ሐኪም ቤት ስትደርስ ግን የልቧ በር ተጎድቷል። ያ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በመድኃኒት ቢታከም ኖሮ እዚህ ባልደረሰ ነበር። አሁን በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ የቀዶ ጥገና ተራ ትጠብቃለች። እባካችሁ፣ ልጃችሁ ጉሮሮዬን ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እኔ ሩጫን ሳይ ነው ያደግኩት። በ1994 ኅዳር የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ መስቀል አደባባይ ነበርኩ። ኃይሌ አንደኛ ሲገባ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። መሮጥ ግን የእነሱ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ቁልቁለቱ አታለለኝ። የሀበሻ ልብስ ሻጮቹ በራቸው ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች እልል ይሉልናል። በረርኩ። ታጥፈን ሽቅብ ስንጀምር ነገሩ ተገለበጠ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ የእንጦጦ እግር ሥር ነው። አየሩ አልበቃ አለኝ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ጉልበቴን ይዤ ቆምኩ።

እሷ ትዝ አለችኝ። ከቤታቸው እስከ ዋናው መንገድ ያለችውን አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ ቆማ ነው የምትወጣው። ስንት ጠዋት «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» ብያት አልፌ ወደ ታክሲ ሮጫለሁ! የገባኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ትንሽ ስቆም ትንፋሼ ይመለሳል። እሷ ይህን ይዛ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አላፈርኩም። የቀረውን ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በእርምጃ ጨረስኩት።

ገንዘቡ ገና ተቆጥሮ አላለቀም።

መጨረሻው ላይ ልጅቱ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ ውኃ ታድላለች።

«ጋሼ፣ ደከመህ?»

አዎ ልላት ብሞክር ቃል አልወጣ አለኝ። ተነስታ ወንበሯን ሰጠችኝ። እምቢ ብዬ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«አታውራ» አለችኝ። «ዝም ብለህ ተቀመጥ። ከዚያ ይለቅሃል።»