በስሎው ኩከር ዶሮ ወጥ መሥራት፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት የያዝኩት ማስታወሻ

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው እንደ እኔ በሜሪላንድና በአካባቢው እየኖሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከቤት ወጥተው ሲመሽ ለሚመለሱ፣ ሆኖም የአገር ቤት ወጥ ከገበታቸው እንዲጠፋ ለማይፈልጉ ወዳጆቼ ነው። በጥቅምት ወር 6 ሊትር ያህል የሚይዝ ስሎው ኩከር፣ ማለትም በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ሰዓት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ገዛሁ። ጠዋት ሁሉንም አንድ ላይ ጨምሬና ከድኜ ብወጣ ማታ የበሰለ ዶሮ ወጥ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። የተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤና የተበለተ ዶሮ በአንድ ጊዜ ጨምሬ በዝቅተኛው ሙቀት ለ11 ሰዓት ተውኩት። ማታ ስከፍተው የደረቱ ሥጋ ደርቆ ቃጫ ሆኗል፤ መረቁ ቀጥኗል፤ ሽንኩርቱ ቅርፁን አልለቀቀም፤ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ያህል አንብቤና ደጋግሜ ሞክሬ የተረዳሁት የሚከተለውን ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን መልሶ ወደ ድስቱ ስለሚያንጠባጥብ ሽንኩርቱና ዶሮው የሚያወጡት ውኃ መውጫ አያገኝም። ውኃ ያለበት ድስት ደግሞ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለማያልፍ በርበሬው በቅቤ ወይም በዘይት ሲቁላላ የሚያገኘውን ሙቀት እዚያ ውስጥ ሊያገኝ አይችልም። ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር ግን ዶሮው ራሱ ነው። እናቶቻችን ረጅም ሰዓት ያበስሉት የነበረው ሲሮጥ ያደገውን፣ ሥጋው የጠነከረውን የሀበሻ ዶሮ ሲሆን፣ እዚህ ከሱፐርማርኬት የምንገዛው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ዕድሜው የታረደ ለጋ ዶሮ ነው። እንዲህ ያለ ዶሮ ብዙ ሰዓት አይፈልግም። ብዙ ሰዓት የሚፈልገው ሽንኩርቱ ነው።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ዶሮውን ትቼ በሽንኩርቱ ላይ ብቻ ተለማመድኩ፤ አሁን ሳስበው ከሁሉም በላይ የተማርኩት በእነዚያ 43 ቀናት ነው። 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፌ፣ ያለ ምንም ዘይት ጥቂት ጨው ብቻ ነስንሼበት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ በዝቅተኛው ሙቀት እጥደዋለሁ። ከ10 ሰዓት በኋላ ሽንኩርቱ በራሱ ውኃ በስሎ ሟሙቶ አገኘዋለሁ። ከዚያ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ተጨማሪ 2 ሰዓት ስተወው ውኃው እየተነነ ይወፍራል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ የማደርገው ቤት በምውልበት ቀን ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማብሰል የእናቴ ሥርዓት ነው፤ በምድጃ ላይ ግን እንዳያርር አጠገቡ ቆሞ ማማሰል ግድ ነበር። ስሎው ኩከሩ ያስቀረልኝ ይህንን ድካም ነው። የተገኘውን በአራት ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። በሥራ ቀን አንዱን አውጥቼ፣ በመጥበሻ ላይ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ከበርበሬ ጋር፣ ውኃ ጠብ እያደረግሁ 15 ደቂቃ ካቁላላሁት በኋላ ምስር እጨምርበታለሁ። ይህችን የመጥበሻ 15 ደቂቃ ማንም እንዳይዘላት እለምናለሁ፤ የወጡ ቀለምም ሆነ ሽታው የሚመጣው ከእርስዋ ነው።

ዕቃው ራሱ የሌሊት ምግብ ልጅ መሆኑን ሳነብ ደስ ብሎኛል። አሜሪካዊው ፈጣሪ ኧርቪንግ ናክሰን የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1940 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሐሳቡ የመነጨው በሊትዌኒያ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ቤተሰቦቹ ዓርብ ማታ ድስታቸውን በዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ አሳድረው ለሰንበት ይበሉት ከነበረው ቾለንት ከተባለ ወጥ ነው።

የገና ዕለት የሠራሁት ዶሮ ወጥ የመጀመሪያው የተሳካልኝ ነው። ደረቱን ትቼ ቆዳው የተገፈፈ የታፋና የእግር ሥጋ ብቻ ወሰድኩ፤ በሎሚና በጨው አጥቤ ውኃውን በደንብ አጠፈፍኩት። ያዘጋጀሁትን ሽንኩርት በመጥበሻ በበርበሬና በንጥር ቅቤ 25 ደቂቃ አቁላልቼ፣ ቁሌቱን እንደ ጋለ ወደ ስሎው ኩከሩ ገለበጥኩ፤ ዶሮውን ጨምሬ ምንም ውኃ ሳላክል በዝቅተኛው ሙቀት 4 ሰዓት አበሰልኩት። ዶሮ ለጤና ደኅና የሚሆነው ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ የታፋ ሥጋ ግን ጅማቱ እንዲሟሟ እስከ 85 ድረስ ቢሄድ ይጥማል፤ ስለዚህ የሥጋ ቴርሞሜትር መግዛት ተገቢ ነው እላለሁ። መከለሻውንና የተቀቀለውን እንቁላል የጨመርኩት በመጨረሻው 15 ደቂቃ ነው። የበረደ ዶሮ ከፍሪዘር አውጥቶ በቀጥታ መጨመር አይገባም፤ ድስቱ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሥጋው ጀርም በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ክዳኑንም ደጋግሞ መክፈት ሙቀቱን ያባክናል።

በጥር ወር በኦቨን የሚሠራ የዶሮና የሩዝ ካሴሮልም ሞክሬአለሁ። አንድ ኩባያ ተኩል ሩዝ፣ ሦስት ኩባያ የፈላ መረቅ፣ ካሮትና ስድስት የታፋ ሥጋ በአንድ ትሪ ላይ አድርጎ በፎይል ጥብቅ አድርጎ መሸፈንና በ190 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል መተው ነው። ልጆች ይወዱታል፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ዓቢይ ጾም ስለገባ ወደ ጥራጥሬ ተመልሻለሁ። ቀይ ቦሎቄ ለምትሠሩ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ጥሬው ቦሎቄ በስሎው ኩከር ሙቀት የማይጠፋ መርዝ ስላለበት፣ ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ከደፋችሁ በኋላ በሌላ ውኃ በምድጃ ላይ 30 ደቂቃ አፍሉት። ለፋሲካ ደግሞ ከዶሮ እርባታ እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጊት ዶሮ ለመግዛት አስቤአለሁ። እንዲህ ያለችው ዶሮ እንደ ሽንኩርቱ ሁሉ ጊዜ ስለምትፈልግ ከ7 እስከ 8 ሰዓት እሰጣታለሁ፤ የሚሆነውንም በዚሁ ማስታወሻ ላይ እጨምራለሁ።