ረቡዕ ከሰዓት

አባዬን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቤታችን ጠያቂ አጥቶ አያውቅም። ይኼን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ውለታ ቢስ እንዳልመስል። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ "እግዜር ጨርሶ ይማረው" ይላሉ፣ እኔን አቅፈው "አይዞሽ" ይሉኛል፣ ቡና ጠጥተው ይሄዳሉ። ቡናውን የማፈላው ታዲያ እኔው ነኝ።

ችግሩ የቀኝ እጁና እግሩ መዛል ብቻ ቢሆን ለሰው ይገባ ነበር። ለእግር ፊዚዮቴራፒ አለ፣ ከዘራ አለ፣ ሲሻለውም ይታያል። አፌዥያ፣ ማለትም አንጎል ሲጎዳ የሚመጣው የንግግር ችግር፣ ግን አይታይም። የተጎዳው የአንጎሉ ግራ ክፍል ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚናገረው በዚያ በኩል ነው። አባዬ ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ዜና ሰምቶ ይናደዳል። ቃሉን ፈልጎ ማውጣት ነው ያቃተው። የፈለገው ሁሉ "ነገሩ" ሆኗል። ውሃም ነገሩ፣ ሽንት ቤትም ነገሩ፣ እኔም ነገሩ ነኝ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ያየው በሽተኛ "ታን" ከማለት ሌላ እምብዛም አይናገርም ነበርና ሰዎች ታን እያሉ ይጠሩት ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን ቀለል አለኝ። የኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አክስቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ "ሰው ይለያል እንዴ?" ብላ እኔን ትጠይቀኛለች፣ እሱ እያያት። ጮክ ብለው የሚያናግሩትም አሉ፤ ጆሮው ደህና ነው እኮ! አንድ ቀን ነፍስ አባቱ መጥተው ጸሎት ሲጀምሩ አባዬ "አቡነ ዘበሰማያት"ን አብሯቸው እስከ መጨረሻው አደረሰው። አክስቴ እልል አለች፣ ዳነ ብላ ለዘመድ ሁሉ ደወለች። ጸሎቱ እንዳለቀ ውሃ ጠምቶት "ነገሩ… ነገሩ…" አለ። በቃል የተያዘ ነገር፣ ጸሎት፣ ዘፈን፣ አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር፣ ስድብም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ከበሽታው ይተርፋል። አዲስ ዓረፍተ ነገር መሥራት ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ "አውቆ ነው ዝም የሚለው" የሚሉ ዘመዶችም መጡብኝ፣ እነሱን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም። ያገኘናት ልጅ ከእሱ ይልቅ ያስተማረችው እኔን ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂው። "ምን ላምጣልህ?" ሳይሆን ብርጭቆውንና የሻዩን ስኒ አሳይተሽ ያመልክት። "አዎ" ሊል "አይ" ያመልጠዋል፤ እሱን እኔ ራሴ ደረስኩበት፣ አሁን ቃሉን ትቼ ትንፋሹን ነው የማዳምጠው፣ ያቺ ሲስማማ ወደ ውስጥ ሳብ የሚያደርጋት ትንፋሽ አልጠፋችበትም።

ለኔ ለራሴ የደረሰችልኝ ግን ፊዚዮቴራፒው ክፍል ደጃፍ ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅኳት ሴት ናት። እሷም ባሏን ታስታምማለች። "ምን እናግዝሽ ሲሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?" አለችኝ። "ጸልዩልኝ" እላለሁ አልኳት። ሳቀች። "እህቴ፣ ጸሎቱን ቤታቸው ሆነው ያድርሱት፤ አንቺ ቀንና ሰዓት ስጫቸው።"

ሰውን ማስቸገር ሞቴ ነው፣ ይሉኝታ አለብኝ። ቢሆንም ጀመርኩ። የእድራችን ድንኳንም ወንበርም ለሞት ነው፣ ለቆመ ሰው ደንቡ ብዙ አይልም (ይኼ ራሱ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ መነሣት አለበት)፤ ከእድርተኞቹ አንዷን ለብቻዋ ጠየቅኳትና የአንሶላ እጥበቱን ወሰደችልኝ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ብር ይልካል፣ ያለሱ መድኃኒቱም አይገዛም። "እሁድ ከሰዓት በቪዲዮ ደውልና ከአባዬ ጋር ሁን፣ እኔን አትጥራኝ" አልኩት። መጀመሪያ ላይ ተፋጠው ይቀሩ ነበር። አሁን የድሮ ፎቶ እያሳየ "ይቺን ጅማ ነው የተነሣናት፣ አይደል?" ይለዋል፣ አባዬ ይስቃል፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ፀጉሬን እታጠባለሁ።

ረቡዕ የጓደኛው ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባው ናቸው፤ "ምን አወራዋለሁ?" ብለው ቀርተው ነበር። ብዙዎቹ ጓደኞቹ የጠፉት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፣ ጠልተውት አይደለም። "ጋሼ፣ ወሬ ይቅርና ዳማ ይዘው ይምጡ" አልኳቸው። ቆርኪያቸውን በላስቲክ ቋጥረው መጡ። አባዬ በግራ እጁ ይጫወታል፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ቆርኪውን ሰሌዳው ላይ ጧ ያደርጋታል። ታዲያ አንዱን ረቡዕ ሰውየው አንዷን ቆርኪ ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ሲመልሱ አየና፣ አፉን ሞልቶ፣ "ሌባ!" አላቸው። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው እቴ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሆን ብለው የሚያጭበረብሩ ይመስለኛል።

እነሱ ሲጫወቱ እኔ እወጣለሁ። የት ነው የምትሄጅው ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ የትም። አስፋልቱን ይዤ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴ ማኪያቶ አዝዤ ብቻዬን እቀመጣለሁ፣ ማንንም ምን ልትል ነው ብዬ አልጠብቅም።

ለአክስቴ ዓርብን አስቤላታለሁ። ገና አልነገርኳትም።