ውኃው ቀዝቅዞ ፕሮሰሰሩ ሲግል

በውኃ የሚቀዘቅዘው የኮምፒውተራችሁ ፕሮሰሰር እየጋለ ውኃው ግን ለብ ከማለት ካላለፈ ተጨማሪ ራዲያተር፣ ማለትም ውኃው ሙቀቱን ለአየር የሚያስረክብበት ዕቃ፣ አትግዙ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በጊዜው የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ምክር አልጠፋም፤ የተሰጠኝ ምክር ሁሉ ግን ተቃራኒው ነበር። ዕቃውን የሸጠልኝ ሱቅ "ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር ይጨምሩበት" አለኝ። የብሎኩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ለውኃው የሚያስተላልፈው ዕቃ፣ አምራች የደንበኞች አገልግሎት ደግሞ "የማጽጃ ፈሳሽ ያዙሩበት" አለኝ። የሱቁን ምክር አልተቀበልኩም። የአምራቹን ግን በመመሪያው ላይ በታተመው መሠረት ቃል በቃል ፈጸምኩት፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

የውኃ ዑደቱ የተለመደው ዓይነት ነው፦ አንድ ዲ5 የሚባል ፓምፕ፣ ከፓምፑ በላይ የተቀመጠ ማጠራቀሚያ፣ ሁለት ራዲያተሮች፣ አንድ ብሎክ ለፕሮሰሰሩ፣ አንድ ለግራፊክስ ካርዱ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥም ቀለም የገባበት ፈሳሽ። መጀመሪያ ላይ የክፍሉ ሙቀት 23 ዲግሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጭነት ሲሠራ ከ74 ዲግሪ አያልፍም ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ 80 ደረሰ፤ ቆይቶም 88። የውኃው ሙቀት መለኪያ ግን ከ31 ንቅንቅ አላለም።

ሱቁ ያላየው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ አየር ላይ እስኪበተን ሁለት ቦታ ይሻገራል፤ መጀመሪያ በብሎኩ በኩል ወደ ውኃው፣ ቀጥሎ በራዲያተሩ በኩል ወደ አየሩ። ውኃው ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከበለጠ ራዲያተሮቹ ሥራቸውን በሚገባ እየሠሩ ነው። የእኔ ልዩነት 8 ነበር። በፕሮሰሰሩና በውኃው መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ43 ወደ 57 ሰፍቷል። እንግዲህ የታመመው ብሎኩ ሆኖ ሳለ ለራዲያተሩ መድኃኒት ይገዛለታል ወይ? ሻጩ ይህን ሳስረዳው በትሕትና አዳመጠኝና የራዲያተሩን ዋጋ ደገመልኝ።

ራዲያተሩን ትቼ የፍሰት መለኪያ ገዛሁ። ለዑደቱ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማልቆጭበት ይህ ነው። ቀላል ስሌት አለው፦ በደቂቃ 1 ሊትር የሚፈስ ውኃ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 70 ዋት ገደማ ይሸከማል። ፕሮሰሰሬና ግራፊክስ ካርዴ አንድ ላይ በሙሉ ኃይላቸው 520 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣሉ። ፍሰቱ በደቂቃ 4 ሊትር ቢሆን ውኃው ዑደቱን ሲዞር የሚጨምረው 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። መለኪያው ግን 1.1 አሳየኝ፤ ይህ ወደ 7 ዲግሪ ይጠጋል። የሙቀት መለኪያዬ ከራዲያተሮቹ በኋላ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ስለነበረ የሚያሳየኝ ቀዝቅዞ የተመለሰውን ውኃ ብቻ ነበር። አንድ የሙቀት መለኪያ ብቻ ካላችሁ ፍሰቱንም ካልለካችሁ በስተቀር ሙሉ በሙሉ አትመኑት።

በዚህ ጊዜ ነው ለብሎኩ አምራች የጻፍኩት። መልሱ ፈጣን ነበር፤ የራሳቸውን የማጽጃ ፈሳሽ እንድገዛ የሚመክር።

የማጽጃው መመሪያ አጭር ነው፤ ማጠሩም ያማልላል። አሮጌውን ፈሳሽ አፍስስ፣ ማጽጃውን በዲስቲልድ ውኃ አቅጥነህ ሙላ፣ ፓምፑን ለሰዓታት አዙር፣ አፍስስ፣ አለቅልቅ። "ምንም ዓይነት ዕቃ መፍታት አያስፈልግም" የሚለው በደማቅ ፊደል ተጽፏል። ዛሬ ያን መስመር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ማጽጃው አይሠራም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በደንብ ይሠራል፤ ችግሩም ያ ነው።

ራዲያተር ሲመረት ቀጫጭን ቱቦዎቹ ከጫፍና ከጫፍ ካሉት ሳጥኖች ጋር በብየዳ ይያያዛሉ፤ ለብየዳው የሚቀባው ኬሚካል ቅሪት ከውስጥ ተጋግሮ ይቀራል። የፒቪሲ ቱቦ ደግሞ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ለስላሳ የሚሆነው ማለስለሻ ስለሚጨመርበት ነው፤ ያ ማለስለሻ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ከግድግዳው እየለቀቀ ወደ ውኃው ይገባል። ማጽጃው ይህን ሁሉ ከየተጋገረበት ላጠው። የተላጠው ቆሻሻ ወዴት ይሂድ? ዑደት ነውና መውጫ የለውም። ፓምፑ እየገፋ በመንገዱ ሁሉ ያዞረዋል፤ በመንገዱ ላይ ከሁሉ የሚጠብበው ቦታ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ብሎክ ነው። ብሎኩ ውስጥ መዳቡ በመካከላቸው ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት ባላቸው ስስ ክንፎች ተሰንጥቋል፤ ከክንፎቹ በላይ ደግሞ ውኃውን በአንድ ቀጭን ስንጥቅ ወደ መሃል የሚያስገባ ሳህን አለ። ከሁለት ራዲያተርና ከመላው ቱቦ የተላጠው ሁሉ በወንፊት ላይ እንደሚቀር ገለባ እዚያ ተጠራቀመ።

አለቅልቄ አዲስ ፈሳሽ ስሞላ ፍሰቱ ከ1.1 ወደ 0.6 ወርዶ ነበር። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ደረሰና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ። ለጽዳት ገንዘብ ከፍዬ ከጽዳቱ በፊት ከነበረው የባሰ ማሽን ገዛሁ ማለት ነው።

እንደገና ጻፍኩ። "ማጽጃውን በድጋሚ ይሙሉና ረዘም ላለ ጊዜ ያዙሩት" የሚል መልስ መጣ። ብሎኩን ከፍቼ ላጽዳው ወይ ብዬ ስጠይቅ ደግሞ በብሎኖቹ ላይ ያለው ተለጣፊ ከተነሣ ዋስትናው እንደሚሰረዝ አስታወቁኝ። መልካም፤ መዘጋቱን ዋስትናው ይሸፍናል ወይ? አይሸፍንም፤ የፈሳሹ ችግር ነው። ለፈሳሹ አምራች ጻፍኩ፤ የቱቦው ችግር ነው አለኝ። ቱቦውን ያመረተው ደግሞ ቱቦው ለተመረጡ ፈሳሾች ብቻ የተፈተነ መሆኑን ገልጾ የፈሳሾቹን ዝርዝር ሳይልክልኝ ቀረ። ሦስቱም በየማሸጊያቸው ላይ እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚናገር ምልክት አላቸው። በመጨረሻ ተለጣፊውን በጥፍሬ ላጥኩት። ብሎኩ ሲዘጋ የማይጠቅም፣ ስከፍተው ግን የሚሰረዝ ዋስትና ቢቀር ምን ይጎድለኛል?

ብሎኩን ስለ መክፈት በደንብ ልንገራችሁ፤ መመሪያው ስለ እሱ አንድም ቃል የለውም። ብሎኩን ከመፍታታችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አንሡት። ውኃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ አይለዋወጥም፤ ቢገለበጥ ውኃው ከጎን ገብቶ በስንጥቁ ይወጣና የሳህኑ ጥቅም ይቀራል። ሳህኑም ራሱ ፊትና ኋላ አለው። ብሎኖቹን በተቃራኒ ማዕዘን እያፈራረቃችሁ በጥቂት በጥቂቱ አላሉ። ስከፍተው ክንፎቹ አይታዩም ነበር፤ ነጭ አረንጓዴ የሆነ ዝልግልግ ነገር ከላያቸው ተጋድሟል፤ በሥሩ ደግሞ ጥቁር የብየዳ ቅንጣቶች ተቀብረዋል።

ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በቂ ናቸው። ብሩሹ በክንፎቹ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ፤ አግድም ከሄደ ያጎብጣቸዋል። ግትር ብሎ የቀረውን በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ አውጡት፤ መርፌ ግን አታስጠጉ። የተራቆተ መዳብ ከሆነ የቀጠነ ኮምጣጤ ለአጭር ጊዜ ይታገሣል፤ ኒኬል የተለበጠ ከሆነ አሲድ የሚባል ነገር አታሳዩት። የእኔ ኒኬል የተለበጠ ነው፤ የተሸጠልኝ ማጽጃ ምን ምን እንደያዘ ሳነብ ደግሞ አሲድ አለበት። በእጅ ባትሪ እያየሁ በእያንዳንዱ ክንፍ መካከል ብርሃን እስኪገባ ድረስ ፋቅኩት።

ከዚያ ኦሪንጉ። ውኃ እንዳያፈስስ በዙሪያው የሚቀመጠው ይህ ቀጭን ጥቁር ጎማ ከቦዩ ሲወጣ ተለጥጦ ነበር፤ ስመልሰው ተረፈኝ። አንዱን ጎን ሳስገባ ሌላው ይወጣል። የማይገባውን ኦሪንግ ብሎን አጥብቄ ላስገባው ብትሉ ይቆረጥና ማዘርቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። መለዋወጫ ጠየቅኩ፤ ለብቻው አይሸጥም ተባልኩ። ሳንቲም የማያወጣ ጎማ ስለማይሸጥ ሙሉ ብሎክ ይገዛ ዘንድ!

መፍትሔው ትዕግሥት ሆነ። ኦሪንጉ ፈሳሹ ውስጥ ስለኖረ አብጦ ነበር፤ አድርቄ ሳሳድረው ወደ ልኩ ተጠጋ። ከዚያ በሲሊኮን ግሪስ በስሱ ቀባሁትና በመጀመሪያ አራቱን ማዕዘኖች፣ ቀጥሎ የየጎኑን መሃል ተጭኜ አስገባሁት፤ ግሪሱ በቦዩ ውስጥ ያዘው። ቫዝሊን እንዳትጠቀሙ፤ ከፔትሮሊየም የተሠራ ቅባት ኦሪንጉ የተሠራበትን ኢፒዲኤም የተባለ ጎማ ያሳብጠዋል። ብሎኩን ፕሮሰሰሩ ላይ ከመመለሴ በፊት ለብቻው በአየር ግፊት ፈተንኩት። አምራቹ አትክፈት ያለውን ሁሉ ክፈቱ እላለሁ፤ ኦሪንጉን ግን አስቀድማችሁ ፈልጉ። ከመግዛታችሁ በፊት "ኦሪንጉ ለብቻው ይሸጣል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አይሸጥም ካሏችሁ ሌላ ብሎክ ግዙ፤ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን።

የቀረው ሥራ ልማድ ነው። ራዲያተሮቹን ፈትቼ እስከ ግማሽ ድረስ ሙቅ ውኃ እየሞላሁ፣ እየናጥኩ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ እየደፋሁ፣ ጨርቁ ላይ ቅንጣት መታየቱ እስኪቆም ድረስ አጠብኳቸው፤ የመጨረሻው እጥበት በዲስቲልድ ውኃ ነው። ማጽጃ መጠቀም ካለባችሁም ራዲያተሩን ብቻውን እጠቡበት እንጂ ከብሎክ ጋር አገናኝታችሁ አታዙሩት። ቱቦውን በሙሉ ጥዬ በጥቁር የኢፒዲኤም ጎማ ተካሁት። ውስጡ አይታይም፤ ለፎቶግራፍም አያምርም፤ ማለስለሻ ግን አይለቅም። የመኪና ራዲያተር ጎማ የሚሠራውም ከዚሁ ዓይነት ነው። በቀለማሙ ፈሳሽ ፈንታ ዲስቲልድ ውኃና ዝገት የሚከላከል ጥርት ያለ ማሟያ ሞላሁ። መዳብ፣ ናስና ኒኬል አብረው ይኖራሉ፤ አሉሚኒየም የተቀላቀለበት ዑደት ካላችሁ ግን ሌላው ምክሬ ሁሉ ከመጥቀሙ በፊት እሱን አውጡ፤ ከመዳብ ጋር አንድ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይበላል።

ውኃ ከመሙላቴ በፊት ዑደቱን በ0.5 ባር የአየር ግፊት አሽጌ የግፊት መለኪያው መርፌ እንደማይወርድ አረጋገጥኩ። መመሪያዎቹ ውኃ ሞልታችሁ 24 ሰዓት አዙሩና ጨርቅ አንጥፋችሁ ጠብቁ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ የሚያፈስ ቦታ ካለ በአየር ማወቅ እየተቻለ ለምን በውኃ ይታወቃል? ስሞላ ኤሌክትሪክ ያገኘው ፓምፑ ብቻ ነው፤ ለዚህ የፓወር ሰፕላዩን ባለ 24 ፒን ሶኬት ከማዘርቦርዱ፣ ከፓምፑ በቀር ሌሎቹንም ገመዶች ከየቦታቸው ነቅሎ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር ማገናኘት ይበቃል። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ለዚሁ የተሠራችውን ማገናኛ ግዙ፤ በግምት አትሞክሩ። ማጠራቀሚያው ሊጎድል ሲል ወዲያው አጥፉ፤ የፓምፑን ማሽከርከሪያ የሚያለሰልሰው ውኃው ራሱ ነውና ደረቁን ከዞረ ይበላል።

አሁን ፍሰቱ በደቂቃ 3.8 ሊትር፣ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጭነት 73 ዲግሪ ነው። ፓምፑ በደቂቃ እስከ 4,800 ዙር መሽከርከር ይችላል፤ በ3,000 አካባቢ ትቼዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ድምፁ ይጨምራል እንጂ ሙቀቱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያሳይም። ፋኖቹንም ከፕሮሰሰሩ ሙቀት አላቅቄ በውኃው ሙቀት እንዲታዘዙ አደረግኩ፤ እስከ 30 ዲግሪ በዝግታ፣ 40 ላይ በሙሉ። የፕሮሰሰር ሙቀት በሰከንድ ይዘልላል፤ ውኃ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ ስለዚህ ፋኖቹ በየደቂቃው መጮኻቸውን ተዉ። ለድምፁ ሲባል ብቻ እንኳ መደረግ ያለበት ነው።

ፈሳሹ "እስከ 2 ዓመት" ይላል። እኔ በየ6 ወሩ ጥቂት በብርጭቆ ቀድቼ አየዋለሁ፤ ከደፈረሰ ቀኑን አልቆጥርለትም። የግራፊክስ ካርዱን ብሎክ ገና አልከፈትኩትም፤ ክንፎቹ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ እስካሁን ችሏል። እሱም ተለጣፊ አለበት። ኦሪንጉን ግን ከሌላ ሻጭ፣ በዙሪያው ልክና በውፍረቱ መርጬ፣ ሁለት አድርጌ ገዝቻለሁ።