ከስምንቱ አራቱ ሲተኙ፦ የ5.3 ሊትሩ ሞተር ሊፍተር ለምን ይበላሻል?

ታሆ፣ ሰበርባን፣ ዩኮን ወይም ሲልቨራዶ የምትነዱ፣ ጠዋት ስታስነሱት ከሞተሩ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁና ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ፣ ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት ሊፍተሮቹን፣ ማለትም በካምሻፍቱ (ቫልቮቹን በሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) እየተገፉ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ክፍሎች፣ ጠርጥሩ።

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ2007 ሞዴል ጀምሮ በእነዚህ መኪኖች 5.3 ሊትር ሞተር ላይ፣ ጭነት ሲቀል ነዳጅ ለመቆጠብ ከስምንቱ ሲሊንደሮች አራቱን የሚያስተኛ (ለጊዜው ሥራ የሚያስቆም) አሠራር አስገባ። የሚተኙት 1፣ 4፣ 6 እና 7 ናቸው። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱት በ1-8-7-2-6-5-4-3 ተራ ስለሆነ አንድ እየዘለለ ነው የሚያስተኛው። በ2019 የመጣው አዲሱ ዓይነት ደግሞ ከስምንቱ ማንኛውንም በ17 ዓይነት አሰላለፍ ማስተኛት ይችላል፤ ስለዚህ 16ቱም ሊፍተሮች ልዩ ናቸው።

ልዩው ሊፍተር አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት አካል ነው። ሁለቱን የሚያያይዟቸው በጣም ትንንሽ የመቆለፊያ ፒኖች ናቸው። በሞተሩ መሀል ያለው ክዳን ላይ የተተከሉት ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ቫልቮች) ዘይት ሲለቁ ግፊቱ ፒኖቹን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የውጪው አካል ካምሻፍቱን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል፣ የውስጡ አይነቃነቅም፣ ቫልቮቹም ተዘግተው ይቆያሉ። ግፊቱ ሲቆም ስፕሪንግ ፒኖቹን ይመልሳል። ዘይቱ ከቆሸሸ፣ ከጎደለ ወይም ግፊቱ ከወረደ ግን ፒኑ በግማሽ ይቆለፋል፤ ጠርዙ ይሸረፋል፤ በመጨረሻም ሊፍተሩ እንደተኛ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ፒኑ ደህና ሆኖ የሊፍተሩ ጎማ መሳይ ሮለር ይፈርስና ካምሻፍቱን ይቦረቡራል።

ዘይቱ የሚጎድልበትም ምክንያት ከዚሁ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በቀደሙት ሞዴሎች የዘይት መያዣው ውስጥ ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ይረጭ ነበር፤ የፒስቶኑ ፋሻ በካርቦን ይያዛል፣ ሞተሩም ዘይት ይበላል። ፋብሪካው ኋላ ላይ ለዚህ መከለያ አውጥቷል፤ በአሮጌ መኪና ላይ መግባቱን አረጋግጡ።

በዋሽንግተን አካባቢ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኤሲ ከፍተው ለሰዓታት የሚቆሙ ወገኖቻችን ማይሉን ብቻ ማየት የለባቸውም። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ማይል ሳይቆጥር ዘይቱን ያስረጃል። እኔ የምመክረው ቢበዛ በ5,000 ማይል (8,000 ኪሎ ሜትር)፣ ብዙ ለሚቆም መኪና ደግሞ ከዚያ ቀድሞ መቀየር ነው። የዘይቱ ዓይነትና መጠን፦ እስከ 2013 ላሉት ሲልቨራዶዎች፣ እስከ 2014 ላሉት ታሆ፣ ሰበርባንና ዩኮን 5ደብልዩ-30፣ 6 ኳርት (5.7 ሊትር) ገደማ፤ ከዚያ ወዲህ ላሉት 0ደብልዩ-20፣ 8 ኳርት (7.6 ሊትር) ገደማ። የዘይት መለኪያውን በየሳምንቱ አውጥታችሁ እዩ።

በመመርመሪያው ላይ ሲሊንደር በትክክል እንደማይተኩስ የሚያመለክት ኮድ፣ ፒ0300 ወይም ፒ0301፣ ፒ0304፣ ፒ0306፣ ፒ0307 ከወጣ፣ የዚያን ሲሊንደር ኮይልና ካንዴላ ወደ ሌላ አዛውሩ። ስህተቱ አብሮ ካልተዛወረ የቫልቭ ክዳኑን ክፈቱ፣ ነዳጁን አቋርጡ፣ አንድ ሰው ሞተሩን በማስነሻው ያዙር፤ የሮከሮቹን (ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች) እንቅስቃሴ ከጎረቤቱ ሲሊንደር ጋር አወዳድሩ። አንዱ ትንሽ ብቻ ከተነሳ ወይም ጨርሶ ካልተነሳ ሊፍተሩ ተኝቷል፣ ወይም ካምሻፍቱ ተበልቷል። የዘይት ግፊት ዝቅ ብሎ ከታየ ግን አትደንግጡ፤ በቀደሙት ሞዴሎች ከሞተሩ ኋላ ባለው የግፊት ሴንሰር ሥር ትንሽ ወንፊት አለች፣ እሷ ስትደፈን ሴንሰሩ ይዋሻል።

ሊፍተር ለማውጣት ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) መነሳት አለበት፤ ወጪው የሚከብደው ለዚህ ነው። አንዱን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው። ሁሉንም አውጡ፣ የሮለሩን ገጽ በጣታችሁ ዳብሱ፣ ካምሻፍቱን በመብራት እዩ፤ ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለ ይቀየር። የብረት ብናኝ ከተገኘ የዘይት መያዣውም ወርዶ ይታጠብ። አሠራሩን ጨርሶ ለማስወገድ የሚፈልግ 16 ተራ ሊፍተር፣ 4 የሊፍተር መያዣ፣ ተራ ካምሻፍት፣ ሶሌኖይድ የሌለው ክዳን፣ አዲስ ጓርኒሲዮንና የቴስታታ ብሎን፣ የኮምፒውተር ማስተካከያም ያስፈልገዋል። ብሎኖቹ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ስለሆኑ አሮጌውን አትመልሱ።

በመሪው ሥር ባለው ሶኬት የሚሰካው ማጥፊያ ሲሊንደሮቹ እንዳይተኙ ያደርጋል፤ የተበላሸ ሊፍተር ግን አያድንም። ለምርመራ ስትሄዱ ንቀሉት፣ ለረጅም ጊዜ ስታቆሙም ባትሪ እንዳይጨርስ እንዲሁ። የነዳጁ ነገር ካሳሰባችሁ፣ በ2021 በቺፕ እጥረት ይህ አሠራር ሳይኖራቸው ስለተሠሩ 5.3 ሊትር ፒክአፖች ጄኔራል ሞተርስ የተናገረው ልዩነት በጋሎን 1 ማይል ነበር።

ስትገጥሙ፣ የብሎን ጉድጓዶቹን በአየር ነፍታችሁ አድርቁ፤ ውኃ ወይም ዘይት ታች ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል። ከመነሳቱ በፊት ነዳጁን አቋርጣችሁ የዘይት ግፊት እስኪታይ አዙሩት፤ አዲስ ሊፍተር ዘይት እስኪሞላ ለጥቂት ጊዜ ቢያንኳኳ ያለ ነው።