ለቀይ ወይን ባቱ ድረስ

ባቱን ብዙዎቻችን የምናውቃት በአሳዋ ነው። እስከ ዛሬ ዝዋይ እያልን የምንጠራትም አለን። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ወደ ላንጋኖና ሐዋሳ የሚሄድ ሰው ወረድ ብሎ አሳ ይበላል፣ ሐይቁን ያያል፣ መንገዱን ይቀጥላል። እኛ ግን ጥር ውስጥ በአንዱ ቅዳሜ ማለዳ የተነሳነው ለወይን ብለን ነው።

ጉዳዩ የቤተሰብ ነው። የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው፤ የቅልቅሉ ቀን መጠጥ የኔ ድርሻ ሆነ። ቢራውና ለስላሳው አያስቸግርም። ጠጁን አክስቴ፣ እትዬ፣ ራሷ ትጥላለች፤ እሷ ጠጅ ስትጥል ማንም ጣልቃ አይገባም። ያሳሰበኝ ቀይ ወይኑ ነው። እኛ ቤት ግብዣ ላይ ቀይ ወይን ሲከፈት አንዱ «መረረኝ» ይላል፣ ሌላው «ስኳር በዛበት» ይላል፣ ግማሹ ጠርሙሱ ውስጥ ያድራል። እዚሁ አገራችን ደህና ቀይ ወይን እየተሠራ እንዲህ መሆኑ ያንገበግበኛል። ለማን የትኛውን፣ ከየትኛው ምግብ ጋር እንደምቀዳ ማወቅ ፈለግሁ።

አብሮ አደጌ ሆቴል ውስጥ ባር ላይ ይሠራል። «ሱቅ ለሱቅ ከምትዞር የሚሠራበት ሄደህ ቅመሰው» አለኝ። ደውሎ የጉብኝት ቀጠሮ ያስያዘልንም እሱ ነው። እህቴ አልኮል አትቀምስምና መሪውን ያዘች። ወይን ሊቀምስ የሚሄድ ሰው የማይጠጣ ሾፌር ሳይዝ ባይወጣ ይሻላል።

በፍጥነት መንገዱ እስከ ሞጆ ሄድን፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ቆቃ ላይ ሙቀቱ ጀመረ። መቂ ስንደርስ ሹራባችንን አወለቅን። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ «ስንመለስ» ብለን አለፍነው።

የካስቴል የወይን እርሻ በር ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ወይኑ ላይ አይደለም፤ ቦዩ ላይ ነው። እርሻው ዙሪያውን ሰፊ ቦይ ተቆፍሮለታል። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ጉማሬ ይመጣል፣ ጅብም ዘንዶም አለ። አስጎብኛችን ይህን ሲነግረን እንደ ተራ ነገር ነው የነገረን። የወይን እርሻውን ከጉማሬ የሚጠብቅ ወይን ጠማቂ በዓለም ላይ ስንት ይኖራል?

ካስቴል የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ጊዮርጊስ ቢራን በ1998 እ.ኤ.አ. የገዛው ማለት ነው። እዚህ ወይን የመትከሉ ሐሳብ የመጣው ከዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ከመለስ ዜናዊ እንደሆነ ይነገራል። ችግኞቹ ከቦርዶ መጥተው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ተተከሉ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት በ2006 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን የሚባሉት የጥቁር ወይን ዓይነቶች በመስመር ቆመዋል። ለነጩ ወይን ደግሞ ሻርዶኔ አለ።

በመስመሮቹ መሃል ስንሄድ ጫማዬ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ውሃ አይዝም። ለወይን ይሄ ጥሩ ነው፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ መዋል አይወድም። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ይላል። ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ፍሬው በቀን ፀሐይ ስኳር ያጠራቅማል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙን ጨርሶ እንዳያጣ ይረዳዋል። ያ ኮምጣጣነት ከሌለ ወይን ምራቅ አያስውጥም፤ አፍ ላይ ይተኛል።

ሳላውቀው የኖርኩት ነገር የተክሉን እንቅልፍ ነው። አውሮፓ ውስጥ ወይን በክረምቱ ብርድ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ባቱ ላይ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ስለዚህ ተክሉን የሚያሳርፈው ሰው ነው። መቀስ ይዘው ይገርዙታል፤ ከዚያ እንደገና ያቆጠቁጣል። መቼ እንደሚያፈራ የሚወሰነው መቼ እንደተገረዘ ታይቶ ነው። ፍሬው የሚበስልበት ጊዜ ከከባዱ ዝናብ ጋር ከተገጣጠመ ይበሰብሳል፣ ጣዕሙም ይቀጥናል። ገበሬ ዘር የሚዘራበትን ቀን እንደሚያሰላው እነዚህ ሰዎች መቀስ የሚያነሱበትን ቀን ያሰላሉ።

ከእርሻው ወደ መጥመቂያው ገባን። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ትልልቅ የብረት ጋኖች ቆመዋል፤ ጠረኑ እርሾም ፍራፍሬም አለበት። የጥቁር ወይን ፍሬ ሲጨመቅ የሚወጣው ጭማቂ ቀይ አይደለም። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ስለዚህ ቀይ ወይን ከነልጣጩ ይብላላል። በሚብላላበት ጊዜ የሚወጣው ጋዝ ልጣጩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጭማቂውን ከሥር እየሳቡ ከላይ መልሰው ያፈሱበታል፤ ቀለሙና ጣዕሙ የሚወጣው እንዲህ እየታጠበ ነው። ከልጣጩ ጋር አብሮ የሚወጣ ታኒን የሚባል ነገር አለ። የኛ ሰው «መረረኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው። በደንብ የፈላ፣ የጠነከረ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ድድና ምላስን እንደሚይዘው ማለት ነው።

ቅምሻው ላይ ረዥም ጊዜ ቆየን። አስጎብኛችን ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብርጭቆዎቹን እላዩ ላይ ደረደረ። በሜርሎው ጀመርን። ብርጭቆውን ጋደል ሳደርገው ጠርዙ ላይ ቀይነቱ ሳሳ፤ ወረቀቱ ላይ የሮማን ፍሬ የሚመስል ጥላ ጣለ። ለስላሳ ነው። የበሰለ ፕሪም ይሸታል። ጉሮሮ ላይ አይቧጥጥም። ወይን እምብዛም ላልለመደ ሰው በሜርሎ ማስጀመር ይሻላል ያልኩት እዚያው ነው።

ቀጥሎ ሲራው መጣ። አፍንጫዬን ሳስጠጋ በመጀመሪያ ያገኘሁት ቁንዶ በርበሬ ነው። እውነተኛ፣ አዲስ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ! ምንም የተጨመረበት ነገር የለም፤ ሲራ በተፈጥሮው እንዲህ ይሸታል። አብሮ አደጌን አየሁት፤ ሁለታችንም ያሰብነው ጥብስ ነው። ሮዝመሪ የገባበት፣ ጠበስ ጠበስ ያለ የበግ ጥብስ። በዚያች ሰዓት ጥብስ ቢቀርብ ምን ነበረበት!

ካበርኔው ጠንካራ ነው። ድድ ይይዛል፣ ቶሎ አይለቅም። ትንሽ የአረንጓዴ ቃሪያ ሽታም አገኘሁበት። ከሥጋ ጋር፣ በተለይ ስብ ካለው ሥጋ ጋር፣ ይለሰልሳል፤ ታኒኑ የሥጋውን ፕሮቲን ስለሚይዝ ምላስን ይተዋል። ለብቻው ግን ለኛ ቤተሰብ አይሆንም።

መጨረሻ ላይ አካሲያን ቀመስን፤ ለዘብ ያለ ጣፋጭ የሆነውን ቀዩን። ከደረቅ፣ ማለትም ስኳር ከሌለው፣ ወይን በኋላ ጣፋጭ ሲቀመስ ጣፋጭነቱ ይጎላል። አብሮ አደጌ ብዙም አልወደደውም። እኔ ግን እትዬ ትዝ አለችኝ። ስኳሩ ከመጠን አላለፈም፤ ቀዝቀዝ ሲል ፍሬውን ታገኘዋለህ። ወይን አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ጣፋጭ ወይንን ሲንቅ ደስ አይለኝም። በጠጅ ያደገ ሰው ጣፋጭ ቢወድ ምን ይገርማል? ግብዣ የሚሰናዳው ለተጋባዡ ነው።

ከየዓይነቱ ገዝተን ወደ ሐይቁ ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሁልጊዜው ቆመዋል፤ የአሳ አንጀት ጠባቂዎች ናቸው። የተጠበሰ ቆሮሶ ከዳጣና ከሎሚ ጋር አዘዝን። አስተናጋጇን ብርጭቆ ለምነን ካበርኔውን ከፈትን። አሳውን ጎርሼ ወይኑን ስጎነጭ አፌ ውስጥ ብረት ብረት አለኝ። አብሮ አደጌ ይሄን ያውቀዋል፤ «ጠንካራ ቀይና አሳ አይስማሙም፣ በራስህ አፍ እንድታየው ነው» አለኝ። ዳጣው ደግሞ ሌላ ነገር አሳየን። ቃሪያው ያቃጠለው ምላስ ላይ አልኮልና ታኒን ሲጨመር እሳቱ ይብሳል። አካሲያውን በበረዶ አቀዝቅዘን ስንሞክረው ግን እሳቱ በረድ አለ። ጣፋጭነት የሚጥሚጣን ማቃጠል ያበርዳል። ወጣችን በበርበሬ የተሞላ ለሆነው ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስንመለስ ጠርሙሶቹን ሻንጣ መጫኛው ውስጥ አልከተትናቸውም። በዚያ ፀሐይ የመኪና ሻንጣ ምድጃ ነው፤ ወይን ይበስላል፣ ቡሹም ይገፋል። ወንበር ሥር፣ ጥላው ላይ፣ በጋቢ ጠቅልለን አስተኛናቸው። የመቂውን ቲማቲም ግን ሻንጣው ቻለው።

እሁድ እትዬ ቤት ተሰበሰብን። ለሙከራ ብዬ ከባቱዎቹ ጋር ጉደርና አክሱማይት ጨመርኩ። ሁለቱም የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ናቸው፤ እሱ ከ70 ዓመት በላይ የሠራ ፋብሪካ ነው፤ ሳይቀመስ አይታለፍም። ጉደር ደረቁ፣ አክሱማይት ጣፋጩ ነው። ጠርሙሶቹን ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ስም ሳያይ የሚቀምስ ሰው እውነቱን ይናገራል።

ጋሼ፣ የእትዬ ባለቤት፣ ከጉደር ውጭ ወይ ፍንክች የሚሉ ሰው ናቸው። ጥብሱ እየቀረበ ሳለ ከአንዱ ጠርሙስ ቀዳሁላቸው። ቀመሱ፣ ጥብሱን ጎረሱ፣ እንደገና ቀመሱ።

«ይሄ ጉደር ነው፤ ግን የዛሬው በርትቷል» አሉ።

ጋዜጣውን ገለጥኩት። ሲራው ነው።

«እንግዲያው ከዚህ ጨምርልኝ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። እሳቸው ዘንድ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። በኋላ ጉደሩንም ቀምሰውታል። እሱን ከአምቦ ውሃ ጋር አድርገው ነው የሚወዱት፤ በዚያ ሙቀት እኔም ሞክሬው ወድጄዋለሁ።

እትዬ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ዶሮ ወጧ እጅ ያስቆረጥማል፤ በርበሬው ግን ቀልድ አያውቅም። ካበርኔው ከዶሮ ወጡ ጋር ሲቀርብ የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ውሃ ፈለገ። አካሲያውን ከፍሪጅ አውጥቼ ስቀዳ ግን ጸጥ ብለው በሉ። እትዬ አክሱማይቱንም አካሲያውንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ ቀመሰች። «ይሄኛው ከቡና በፊት፣ ያኛው ከወጡ ጋር» አለች። አክሱማይት ይበልጥ ጣፋጭ ስለሆነ ማዕድ ከተነሳ በኋላ ያምራል ማለቷ ነው። ከኔ ይልቅ እሷ ቶሎ ገባት።

ያልጠበቅሁት የሜርሎው ነገር ነው። ወይን አልወድም ትል የነበረችው የእትዬ ትንሿ ልጅ ከአይብና ከጎመን ጋር ወደደችው። እህቴና የማይጠጡት ዘመዶቻችን ደግሞ ከርከዴ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ቀረበላቸው። ብርጭቆው አንድ ዓይነት ሲሆን «ለምን አትጠጪም?» የሚል ጥያቄ አይመጣም። የሚመርቅ ሰው ቢነሳ ሁሉም ብርጭቆ ያነሳል።

የተረፈውን ቡሹን መልሰን ፍሪጅ ውስጥ አቆምነው። ቀይም ቢሆን ከተከፈተ በኋላ ቅዝቃዜ ያቆየዋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ደህና ይሰነብታል። ሲጠጣ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ማውጣት ነው። ደረቁ ቀይ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይስማማዋል። የአዲስ አበባ ቤት በጥር ማታ ለዚህ ምቹ ነው። በግብዣ ቀን ግን ድንኳን ውስጥ ሰው ሲሞላ ይሞቃል፤ ያኔ ቀዩንም ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል።

ለቅልቅሉ ሒሳቡን ከአብሮ አደጌ ጋር ተቀምጠን ሠራነው። አንዱ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ በወግ ከተቀዳ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል። የሚጠራው 40 ሰው ነው። ግማሹ ወይን ቢጠጣ፣ አንዱ ሰው ሁለት ብርጭቆ ቢወስድ፣ 8 ጠርሙስ ይበቃል። ለወጡ አካሲያ 4፣ ለጥብሱ ሲራ 3፣ ለጀማሪዎቹ ሜርሎ 1 ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ወረቀቱን አየችና «እንግዳ ፊት መጠጥ አለቀ አይባልም፣ ልጄ» አለች። 12 ሆነ። ጭማሪው 1 ሲራ፣ 1 ሜርሎና፣ ከቡና በፊት እንዲሆን ባዘዘችው መሠረት፣ 2 አክሱማይት ነው።