ከተረከዝ ጠብታ የደም ስብ፦ ባሕር ዳር ላይ እንዴት ሠራሁት

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ስለ ሕፃናት የደም ስብ፣ ዕድገትና ኋላ ስለሚመጣ ውፍረት ነው ስል ጓደኞቼ ሳቁ። «እዚህ አገር? ውፍረት?» እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 41 በመቶ ያህሉ ቀንጭረዋል። እኔን ግን ሁለቱም ያሳስበኛል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ክብደቱ ከልክ በላይ ቶሎ የሚጨምር ሕፃን ኋላ ለውፍረት የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ይላል። ጥያቄው ሚዛኑ ከመናገሩ በፊት ይህን ደም ላይ ማየት ይቻላል ወይ ነው። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ሦስት ወር ከሞላቸው ሕፃናት በወረቀት ላይ በደረቀ ደም ብዙ የስብ ዓይነቶችን ለክተዋል። እኔም መንገዳቸውን ያዝኩ።

ደም የምወስድበትን ቀን ከ14ኛው ሳምንት ክትባት ጋር አገጣጠምኩት። እናት ለክትባት ትመጣለች፤ ለእኔ ብላ ሌላ ቀን አትመጣም።

አወጋጉ ቀላል ይመስላል። ተረከዙን በሞቀ ጨርቅ ማሞቅ፤ ከጎን እንጂ ከኋላ አለመውጋት፤ የመጀመሪያውን ጠብታ በጥጥ መጥረግ። ሁለተኛው ጠብታ ትልቅ እስኪሆን ጠብቆ ወረቀቱን አንዴ ማስነካት። እግር መጭመቅ የለም፤ ደሙ ይቀጥናል። አስቸጋሪው ማድረቁ ነው። በክረምት የጣና እርጥበት ወረቀቱን እንደ እንጀራ ያለሰልሰዋል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይሆንም፣ ስቡ ይበላሻል። ጥላ ውስጥ አጋድሜ ለሰዓታት አቆየዋለሁ። ከዚያ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር በላስቲክ አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ልቤ አብሮ ይጠፋል።

ቁመት መለካት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንዲት አያት የእንጨት መለኪያውን አይተው «የሬሳ ሳጥን ነው እንዴ? ልጄን አታስተኚብኝ!» አሉ። መለኪያው ላይ ነጠላቸውን አነጠፍንና «እማማ፣ ራሱን እርስዎ ይያዙልኝ» አልኳቸው። እንደ እሳቸው አጥብቆ የያዘ ረዳት አላገኘሁም። ቁመቱ ከተሳሳተ የደሙ ቁጥር ከምን ጋር ይመዘናል?

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን አጠያየቅ ነው። «ጡት ብቻ ነው የሚጠባው?» ሲባል መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ናት ያስተማረችኝ፦ «ከተወለደ ጀምሮ ከጡት ሌላ አፉ የገባ ነገር አለ?» በይ። ያኔ ይዘረገፋል። ቅቤ ያላሱት፣ አብሽ ያቀመሱት፣ የላም ወተት የሰጡት። ከላም የሚመጣ ስብ ደም ውስጥ የራሱ ምልክት አለው፤ ይህን ሳያውቁ ውጤት ማንበብ አጉል ነው። የመጨረሻውን ጡት ሰዓትም እጠይቃለሁ፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከጠባ በኋላ ከፍ ይላልና። ሰዓት ማን ያያል? «ባጃጅ ላይ አጥብተሽዋል?» ስላቸው ግን ያስታውሳሉ።

«ታዲያ ልጄ ይወፍራል?» ትላለች እናት። ይህ ምርመራ ስለ ብዙ ሕፃናት ባንድ ላይ ይናገራል እንጂ ላንድ ሕፃን «ይሄ ይወፍራል» የሚያሰኝ መለኪያ የለውም። ይህን ከመውጋቴ በፊት ነው የምነግራቸው። አንዳንዷ ትስማማለች፣ አንዳንዷ ልጇን ታቅፋ ትሄዳለች። የዕድገት ካርዱን ለሁለቱም እሞላለሁ።